ቅዳሜ፣ ሁለት እናቶች እና የሐይቅ ዓሣ

እኛ ቤት ለአንድ ቀን ሽርሽር ሲታሰብ ከገንዘቡ ይልቅ ቀኑን ማግኘት ይከብዳል። እናቴ ኦርቶዶክስ ናት፤ እኔም ልጆቹም እቴቴ የምንላቸው የባለቤቴ እናት ደግሞ ሙስሊም ናቸው። ሁለቱም ደሴ ከእኛ ቤት ብዙም ሳይርቁ ይኖራሉ፤ እነርሱን ትቶ የሚደረግ ሽርሽርም ለእኔ ሽርሽር አይደለም። እማዬ ረቡዕና ዓርብን ትጾማለች። እቴቴ ሰኞንና ሐሙስን የሱና ጾም ይጾማሉ፣ ዓርብ ደግሞ ጁምዓ አላቸው። እሑድ ጠዋት እማዬን ከቅዳሴ የሚያስቀር ነገር እስካሁን አልተገኘም፤ ማክሰኞ ሁላችንም ሥራ ላይ ነን። እንዲህ እየተቀነሰ ሲሄድ የምትተርፈው ቅዳሜ ብቻ ናት።

ቅዳሜም ብትሆን ከወራቱ ጋር መስማማት ይኖርባታል። የሂጅራው አቆጣጠር በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ወደ ኋላ ስለሚመጣ በ2016 ዓ.ም. ሁዳዴና ረመዳን በአንድ ቀን፣ መጋቢት 2፣ ገቡ፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ሁዳዴ በአምስት ቀን ብቻ ቀደመ። እማዬ ይህን በጣም ወዳዋለች፤ «እንዲህ ተጋግዘን ስንጾም ይቀላል» ትላለች። ለሽርሽሩ ግን ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ድረስ በሩ ዝግ ነው ማለት ነው። ለእኛ ቤት የሚስማማው ወቅት ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ያሉት 50 ቀናት፣ ረቡዕና ዓርብ እንኳ የማይጾሙበት በዓለ ኃምሳ ነው። እኔም ጣቴን ቆጥሬ ቅዳሜ ግንቦት 9ን መረጥሁ።

ቦታውን ለመምረጥ ብዙ አልተከራከርንም። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት አንድ ስሕተት ሠርቼ ስለነበር የመናገር መብቴ ተገድቧል። በአንድ ቀን የሐይቅ ከተማን፣ የሐርድቦን ሐይቅ፣ ከዚያም ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የውጫሌ ውል የተፈረመበትን ይስማ ንጉሥን አሳያችኋለሁ ብዬ፣ ሁለት ጉልበታቸው የሚያማቸው እናቶችን ከመኪና ሳወጣና ሳስገባ ውዬ፣ የትኛውንም በቅጡ ሳናይ በጨለማ ቤታችን ገባን። እቴቴ በማግስቱ «የሄድነው ለሽርሽር ነው ወይስ ለቆጠራ?» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ደንባችን አንድ ቀን፣ አንድ ቦታ ሆኗል። ቆላ ወርዶ መሞቅ የፈለገ ቀን በሐረጎ ጠመዝማዛ ወደ ኮምቦልቻ እንወርዳለን፣ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ልጆቹ መሮጥ ሲያምራቸው ጦሳ ተራራን ይወጣሉ፣ እናቶች ግን አይሞክሩትም። የባቲ ገበያ ሰኞ ስለሆነ የእቴቴን ጾም ይነካል። ለሁሉም የምትሆነው ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው የሐይቅ ከተማ ናት።

ሚኒባስ በኮንትራት ይዘን ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ተነሣን። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በእኛ አገር ሰው ከመነሣቱ በፊት መንገዱ ሰላም መሆኑን ከሾፌሮች ስለሚጠይቅ ባለቤቴ ከዋዜማው ጀምሮ ሲደዋውል ነበር። ቦሩ ሜዳን ስናልፍ ወንድሜ ለልጄ በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ እዚህ ሜዳ ላይ የሃይማኖት ጉባኤ እንዳደረጉ፣ ከዚያም የወሎ ሙስሊም መሳፍንት እንዲጠመቁ እንደታዘዙና ኋላ ንጉሥ ሚካኤል የተባሉት ኢማም መሐመድ አሊ አንዱ እንደነበሩ ይነግረው ጀመር። የኋላው ወንበር ላይ እማዬና እቴቴ የበቆሎ ቆሎ ከአንድ ፌስታል እየዘገኑ ስለ በርበሬ ዋጋ ያወሩ ነበር።

ሐይቁ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሰፋል፤ ጥልቀቱ እስከ 88 ሜትር ይደርሳል ይባላል። ይህን ቁጥር የማነሣው ለጌጥ ሳይሆን ልጆች ጀልባ ሲያምራቸው ዋጋ ከመከራከሬ በፊት የመንሳፈፊያ ሰደርያ መኖሩን የምጠይቅበት ምክንያት እርሱ ስለሆነ ነው። ቀድሞ ደሴት የነበረውና ዛሬ ከየብስ ጋር የተያያዘው መሬት ላይ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያጸኑት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩበት የእስጢፋኖስ ገዳም አለ። ገዳሙ የወንዶች በመሆኑ ሴት አትገባም። ወንድሜ ልጄን ይዞ ሲገባ እኔና ሁለቱ እናቶች ከዳር ዛፍ ሥር ምንጣፍ አንጥፈን ቀረን። እውነቱን ለመናገር በመጀመሪያ ጊዜ ቅር ብሎኝ ነበር፤ ዛሬ ግን ከጉዞው ሁሉ የምጠብቀው ያችን አንድ ሰዓት ነው። ልጆች የሉም፣ ወንዶች የሉም፣ ውኃው ላይ ከሚወርዱት ወፎች በቀር የሚጠራን የለም።

በዚያች ሰዓት እማዬ የሐይቁን አፈጣጠር ተረት ለእቴቴ አወራች። አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በአንዲት ልዕልት ተበደለች፤ እግዚአብሔር ተቆጥቶ ዙሪያውን ያለውን ምድር ከነልዕልቲቱ ውኃ አደረገው፤ ሴቲቱ የተቀመጠችበት መሬት ብቻ ደሴት ሆኖ ቀረ፤ ገዳሙ ያለውም እዚያው ላይ ነው። እቴቴ ዝም ብለው ሰሙና ወደ ገዳሙ እያዩ «እንግዲያ መሬቱ የሴትየዋ ነዋ! ባለርስቷን ውጭ አስቀምጠው ነው የገቡት?» አሉ። እማዬ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ከሣቀች በኋላ አማትባ «ተይ አንቺ፣ በገዳም አይቀለድም» አለቻቸው።

ሐይቅን ለእኛ ከሌላ ቦታ የሚለያት ግን ምሳው ነው። ወሎ ውስጥ እንደ እኛ የተቀላቀለ ቤተሰብ ያለው ሰው ይህን ሳልዘረዝረው ይገባዋል። በዓል ሲሆን በእማዬ ቤት የታረደውን እቴቴ አይበሉም፤ በእቴቴ ቤት የታረደውን እማዬ አትበላም። ሁለቱም በዚህ አይቀያየሙም፤ አንዷ ለሌላዋ ሽሮ ወይም እንቁላል ለብቻ ታዘጋጃለች፣ አለዚያም በጉ ከነሕይወቱ ይላክና ባለቤቱ በራሱ ባራኪ ያሳርዳል። ቢሆንም ባለፉት 14 ዓመታት፣ ማለትም ከሠርጋችን ጀምሮ፣ ሁለቱ እናቶች ሥጋ ከአንድ ትሪ ሲበሉ አላየሁም። ዓሣ ግን አይታረድም። ከውኃ ወጥቶ የሞተ ዓሣ ማን እንደባረከው የሚጠይቅ የለም። እማዬ በጾም ቀን ዓሣ አልበላም የሚል አቋም ስላላት ቀኑ ብቻ መጠንቀቅ ይፈልጋል፤ ለዚህም ነው በዓለ ኃምሳን የምንጠብቀው።

ከሐይቁ ዳር ካሉት ምግብ ቤቶች ወደ አንዱ ገብተን ቆሮሶ አዘዝን። እቴቴ ወንበር ሳይዙ ወደ ማብሰያው ሄደው «ልጄ፣ በዚህ ዘይት ሥጋ ጠብሳችኋል?» ብለው ጠየቁ። ልጅቱ አልተቆጣችም፤ የለመደችው ጥያቄ ነው መሰለኝ፣ ድስቱን አንሥታ ሌላ መጥበሻ ጣደችና አዲስ ዘይት ከጀሪካኑ ቀዳች። ዓሣው ቅርፊቱ ተፍቆ፣ ጎንና ጎኑ በቢላዋ ተተልትሎ፣ ከነጭንቅላቱ ዘይቱ ውስጥ ሲገባ የተተለተለው ቦታ እየተከፈተ ወርቅማ ሆነ። ከሎሚና ከዳጣ ጋር፣ በሰፊ ትሪ፣ እንጀራ ላይ ተጋድሞ መጣ። እማዬ የጀርባውን ሥጋ በአውራ ጣቷ ከአጥንቱ አላቅቃ፣ ዳጣ አስነክታ፣ እቴቴን አጎረሰቻቸው። እርሳቸውም «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ብለው ሁለተኛውን ተቀበሉና በተራቸው የጉንጩን ሥጋ፣ ከዓሣ ሁሉ የሚጣፍጠውን፣ ፈልገው አውጥተው መለሱላት። እኔ ያን ጊዜ አጥንት ልለቅምለት የተቀመጥሁትን ልጄን ረስቼው ነበር፤ እርሱ ራሱ ቀና ብሎ «እማ፣ ለምን ትስቂያለሽ?» አለኝ።

ከምሳ በኋላ ቡናው ከእኛ ነው። ጀበናውን፣ ከሰሉንና ስኒውን ከቤት ይዘን ስለምንሄድ ዛፉ ሥር ቄጠማ ጎዝጉዘን አፈላን። አቦሉ ሲቀዳ እቴቴ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ፤ ለልጆቹ፣ ለአገሩ፣ ለዝናቡ፣ ለእማዬም ጉልበት። እማዬ በየመሐሉ «አሜን» እያለች ተቀበለች። ቶናው ላይ ወሬ በዛ፤ በረካው ላይ ሁለቱም ተጋደሙ። ልጆቹ ጀልባቸውን ዞረው ተመለሱ፣ ስለ እርሱ የምጽፈው ብዙ የለኝም፤ ዋጋውን ቀድሞ መስማማት ይጠቅማል።

ከዐሥር ሰዓት በኋላ ስንመለስ ባለቤቴ ከሾፌሩ አጠገብ ተቀምጦ ነበር። ከኋላ የሁለቱ እናቶች ሒሳብ ይሰማል። እማዬ «የሰኔ ጾም በ2 ይገባል» አለች። እቴቴ «እኔም ዙልሒጃ ሲገባ ዘጠኙን ቀን እይዛለሁ፤ ከዚያ ዐረፋ ነው፣ እንግዳ ይበዛል» አሉ። ጥቂት ዝም ተባለ፤ ጣት የሚቆጠር ይመስለኛል። ከዚያ እማዬ «እንግዲያ የሚመጣው ቅዳሜ ብቻ ነው ያለን» አለች፤ ባለቤቴም ዞር ብሎ አየኝ።