ሹሏ ወር

በየወሩ ስንት ቤተሰብ ሶላር እንደሚያስገጥም በኮምፒውተር ሲሙሌሽን የተነበይኩበትን ግራፍ አለቃዬ አይተው ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አሳረፉ።

«ይቺ ሹል ነገር ምንድን ናት?»

«ድጎማው ከመቀነሱ በፊት ያለችው ወር ናት። ሰው ሳያመልጠው ሶላር ለማስገጠም ይሽቀዳደማል።»

«ሰው እንዲህ አይሻማም። ስህተት ነው፤ አለስልሰው።»

እስካሁን ድረስ ያንገበግበኛል። ሞዴሉ በኤጀንት፣ ማለትም እያንዳንዳቸው በራሳቸው በሚወስኑ ምናባዊ ቤተሰቦች፣ የተሠራ ነው። እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱ ጣሪያ፣ ገቢና የመብራት ክፍያ አለው። ፓነሉ ወጪውን በስንት ዓመት እንደሚመልስ ያሰላል፤ ጎረቤቱ ማስገጠሙንም ያያል። ተከራይ ከሆነ ቢፈልግም ጣሪያው የሱ አይደለም። ሲድ (የዕጣው መነሻ ቁጥር) እየቀያየርኩ ደጋግሜ አስኬድኩት። ጠቅላላ ቁጥሩ ከፍ ዝቅ አለ፤ ሹሏ ግን ከወሯ ንቅንቅ አላለችም። የድጎማውን ቅነሳ ሳወጣው ደግሞ ድራሿ ጠፋ። ታዲያ ምኑ ነው ስህተቱ?

በገሃዱ ዓለም የሆነውንም አስረዳኋቸው። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2011 መጨረሻ ለአነስተኛ የጣሪያ ሶላር የሚከፈለውን ታሪፍ በኪሎዋት ሰዓት ከ43.3 ፔንስ ወደ 21 ፔንስ ልታወርድ መሆኑን አስታወቀች። የቀነ ገደቡ ቀን ዲሴምበር 12 ነበር። ስድስት ሳምንት! ገጣሚዎች ከጣሪያ ጣሪያ ሲሯሯጡ ከረሙ።

«እሱ እዚያ ነው» አሉኝ።

ሪፖርቱ ላይ የወጣው በባስ ቀመር፣ አዲስ ነገር በሕዝብ ውስጥ እንዴት እንደሚስፋፋ በሚያሰላ ቀመር፣ የተሳለ ለስላሳ መስመር ነው። ቀመሩ እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ ያለ ነው፤ የብዙ ዓመት አካሄድ ለማየት እኔም እወደዋለሁ። ግን ቀነ ገደብ የሚባል ነገር አያውቅም።

ገለጻው ላይ የደንበኛችን ኢንጂነር እጁን አወጣ። «በአንድ ወር ቢበዛ ስንት ሶላርን ከመብራት መስመር ጋር የማገናኘት ጥያቄ ይመጣብናል?» ለስላሳው መስመር መልስ አልነበረውም። አለቃዬ ዞር ብለው አዩኝ። የመጀመሪያውን ግራፍ ከፈትኩት።

ኢንጂነሩ ወንበሩን ስቦ ተጠጋ። ከዚያ በኋላ ሌላ ገጽ አላየንም። በዚያች ወር ቆጣሪ የሚቀይር ስንት ቡድን እንደሚያስፈልገው አሰላ። ጎረቤት ጎረቤቱን እያየ ስለሚያስገጥም ጥያቄው በአንድ ሰፈር ይከመራል፤ የትኛው ትራንስፎርመር ላይ እንደሚበዛ ጠየቀኝ። ሰፈር በሰፈር አወጣሁለት። ሲሙሌሽን የምንሠራው ለእንዲህ ያለ ሰው ነው፤ ያን ቀን ደስ አለኝ።

ስንወጣ አለቃዬ «ፋይሉን ላክልኝ» አሉኝ። ስለ ማለስለሱ ግን አንዳችም አልተነፈሱም። ላክሁላቸው። ከዚያ ወዲህ ጥሬው ግራፍ የሌለበት ሪፖርት ከእጄ አይወጣም።