ይጎትታል እንጂ አይሸከምም

ቪ8 የምንለው ትልቁ የቶዮታ ላንድክሩዘር መሸከም የሚችለው ስድስት ኩንታል ተኩል ገደማ ነው። ይህን ለሰው በተናገርኩ ቁጥር የሚያምነኝ ስለማጣ እዚህ ልጻፈውና ይውጣልኝ። ያ ሁሉ ግዝፈት፣ ያ ሁሉ ግርማ ሞገስ፣ ባዶውን ከ2,600 ኪሎ በላይ የሚመዝን ብረት፣ ሰውም ዕቃም ተደምሮ እንዲጫንበት የተፈቀደው ከ600 እስከ 700 ኪሎ ነው። አምስት ጎልማሶች ከገቡበት ለዕቃ የሚተርፈው ከሦስት ኩንታል እምብዛም አይበልጥም። በሰፈራችን ፋጉሎ የሚያመላልሰው፣ ቀለሙ የረገፈው ፒክአፕ በሸክም ያስከነዳዋል።

ያው መኪና ግን የራሱ ፍሬን ያለው ተሳቢ ከኋላው ቢያያዝለት፣ ተሳቢውን ጨምሮ እስከ 3,500 ኪሎ እንዲጎትት ፋብሪካው ፈቅዶለታል። ጀርባው ላይ የሚከብደው ነገር ከኋላው ሲሆን ይቀለዋል። ነገሩ እንቆቅልሽ የሚመስለው ጉልበትንና ሸክምን አንድ አድርገን ስለምናይ ነው። ጉልበት የሞተር ጉዳይ ነው፤ 4.5 ሊትር የናፍጣ ሞተር፣ ሁለት ቱርቦ፣ 650 ኒውተን ሜትር የመጠምዘዝ ኃይል። በዚህ በኩል ጎድሎበት አያውቅም። መሸከም ደግሞ የሞላና የአክስል ጉዳይ ነው፤ ሞላው የተሠራው ወንበር ላይ የተቀመጠው ሰው ጉድጓዱ እንዳይሰማው ተብሎ ነው። ቆዳው፣ ወፍራሙ መስታወት፣ በኤሌክትሪክ የሚንቀሳቀሰው ወንበር፣ ድምፅ የሚያፍነው ምንጣፍ፣ ሁሉም ክብደት አላቸው። ድሎቱ ራሱ ጭነት ነው።

መኪናው የእኔ ምርጫ አልነበረም። ታላቅ ወንድሜ ወደ ውጭ አገር ሲሄድ ውክልና ሰጥቶኝ ሄደ። እኔ በዚያን ጊዜ ሱሉልታ ላይ ጥቂት ላሞች ይዤ፣ ወተቴን በማለዳ አዲሱ ገበያ ለማድረስ የሚኒባስ ሾፌሮችን የምለማመጥ ሰው ነበርኩ። ወንድሜ መኪናውን የሚያወጣው ለሠርግና ለስብሰባ ነበር። በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ሲሰማ ደግሞ ደውሎ "እንደ ዓይንሽ ብሌን ጠብቂው፤ ከእንግዲህ አይገኝም" አለኝ። ጠብቄዋለሁ። ጋራዥ ውስጥ አቁሜ ግን አይደለም።

በእኛ አገር በቪ8 የሚመጣ ሰው ባለሥልጣን ሳይሆን አይቀርም ተብሎ ነው የሚታሰበው። ወደ እርሻው በሚወስደው መታጠፊያ ላይ አዲስ ጥበቃ ሲቀጠር መጀመሪያ ሲያየኝ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ቀጥሎ ዓይኑ ወደ ታርጋው ይወርዳል፤ ኮድ 2፣ ሰማያዊ። ከዚያ ፖርቶ መጋላው ላይ ወደ ተከመረው ድርቆሽ ይወጣል። ፊቱ ላይ የሚፈራረቀውን ነገር ለማየት ስል አንዳንዴ ሆነ ብዬ ቀስ እላለሁ። አንድ ጊዜ ደግሞ በመንገድ ያሳፈርኳቸው እናት ከኋላ ወንበር የተነጠፈውን ሸራና የፉርሽካውን ከረጢት ሲያዩ ቆዩና "ልጄ፣ ያ ሁሉ ገንዘብ የወጣበት ለዚህ ነው እንዴ?" አሉኝ። "ለምን ይሁን ብለው ነው፣ እማማ?" አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና "ለክብር" አሉ።

ወደ ውሃው ልምጣ፤ የበጋው ትልቁ ሥራ እሱ ነው። የምትታለብ የፈረንጅ ላም በቀን ከ60 ሊትር በላይ ውሃ ትጠጣለች፤ በእኛ በኩል ደግሞ ቧንቧው ከሚመጣበት ቀን የማይመጣበት ይበዛል። ስለዚህ አንድ ብረት በያጅ ዘንድ ሄጄ ባለ ሁለት ጎማ ተሳቢ አሠራሁ። ፍሬን የለውም። ፍሬን ለሌለው ተሳቢ ደግሞ ወሰኑ 3,500 ኪሎ መሆኑ ይቀርና 750 ኪሎ ይሆናል፤ ምክንያቱም መኪናው የራሱንም የተሳቢውንም ሩጫ በራሱ ፍሬን ብቻ መግታት አለበት። በያጁ የሺህ ሊትር ሮቶ ልግጠምልሽ አለኝ። ሺህ ሊትር ውሃ አንድ ቶን ነው፤ ብረቱ ሌላ ሁለት ኩንታል። "እንግዲያው ግማሹን ብቻ ትሞዪዋለሽ" አለ፣ በጣም ቀላል መፍትሔ እንዳገኘ ሰው።

ነገሩ የሚከፋው እዚህ ላይ ነው። በግማሽ የተሞላ ሮቶ ውስጥ ያለ ውሃ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ፍሬን ሲያዝ ወደ ፊት ይሮጣል፤ መሪ ሲዞር ወደ ጎን ይደፋል፤ ከዚያ ይመለሳል፤ ሲመለስም የመኪናውን ጭራ ይዞ ነው። አፉ ድረስ የሞላ ከሆነ ግን መሄጃ ስለሌለው አርፎ ይቀመጣል። ስለዚህ የ500 ሊትር ሮቶ አስገጠምኩ፤ ሁልጊዜም ጢም ብሎ ይሞላል። ብረቱ ሲታከልበት ከ750 ኪሎ ትንሽ ዝቅ ይላል። ቀጥሎ የተከራከርነው ሮቶው የት ይቀመጥ በሚለው ነበር። በያጁ ለዓይን እንዲያምር መሀል ለመሀል አድርጎት ነበር። እኔ ከጎማዎቹ ትንሽ ወደ ፊት እንዲሳብ አደረግኩ፤ ከጠቅላላው ክብደት አንድ አስረኛ ያህሉ ተሳቢው ከመኪናው ጋር በሚያያዝበት ክብ ብረት ላይ ማረፍ አለበትና። ክብደቱ ወደ ኋላ ካዘነበለ ክብ ብረቱን ወደ ላይ ያነሳዋል፤ ፍጥነት ሲጨመር ተሳቢው ግራና ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል፤ መወዛወዝ ከጀመረ ደግሞ ሾፌሩ ምንም ጎበዝ ቢሆን የሚያደርገው ጥቂት ነው። ከጎረቤት የእህል ሚዛን ተበድረን የተሳቢውን ጫፍ አሳረፍንበት፤ ሮቶውን ትንሽ ገፋ፣ ትንሽ ሳብ እያደረግን 70 ኪሎ አካባቢ ሲያሳይ በያጁ በኖራ ምልክት አደረገ። ያ 70 ኪሎ ደግሞ ከስድስት ኩንታል ተኩሉ ላይ ይቀነሳል፤ አንድ ሰው ጨምሬ እንደ ጫንኩ ይቆጠራል ማለት ነው።

ድርቆሽ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ጨዋታ ነው። አሁን ኅዳር ስለሆነ የሱሉልታ ሜዳ ታጭዶ በየቦታው ተከምሯል፤ ገዢውም ከየአቅጣጫው ይመጣል። ድርቆሽ የሚፈጀው ቦታ እንጂ ክብደት አይደለም። የኋላ ወንበሮችን አጥፎ፣ ሸራ አንጥፎ፣ እስከ ጣሪያው መጠቅጠቅ ነው። ፖርቶ መጋላው ላይ የሚወጣው ግን ልክ አለው፤ ጣሪያው የሚችለው ወለሉ ከሚችለው እጅግ ያንሳል፤ ከፍ ያለ ጭነት ደግሞ በጎን ተዳፋት ላይ መኪናውን ወደ ገደሉ ያጋድለዋል። ከድርቆሽ ይልቅ ያስመረረኝ አተላው ነው። ከጠላ ቤት በጀሪካን የሚመጣ አተላ አንድ ጊዜ እንኳ ቢፈስ፣ ኮምጣጣው ሽታ ከቆዳው ስፌት ውስጥ ገብቶ ይሰፍራል። ፀሐይ ሲመታው ይነሳል። አሁን አተላ የሚሄደው በተሳቢ ብቻ ነው፤ በዚህ ድርድር የለም።

ክረምቱን ካየሁ ወዲህ ስለ ጭቃ ያለኝ አስተያየት ተለውጧል። ማስታወቂያ ላይ ቪ8 ጭቃ ሲረጭ የሚያሳዩት ጭቃ መረሬ አይደለም። መረሬ በበጋ እጅ እስኪያስገባ የሚሰነጠቅ፣ በክረምት ውሃ ጠጥቶ የሚያብጥ ጥቁር አፈር ነው። የድሎት መኪና ጎማ ለአስፋልት የተሠራ ስለሆነ ጥርሱ ስስ ነው፤ መረሬው ያንን ጥርስ ወዲያው ይሞላውና ጎማው እንደ እንቁላል ልሙጥ ይሆናል። አራቱም ጎማ ቢዞር፣ ኮምፒውተሩ ምንም ቢራቀቅ፣ ልሙጥ ነገር ልሙጥ ነው። ክብደቱ ደግሞ ወደ ታች ይጨምረዋል። አህያዋ በአጠገብሽ ቀስ ብላ ታልፋለች። መፍትሔው ከባድ አይደለም፤ ጥርሱ ሰፋፊና ጥልቅ የሆነ ጎማ፣ የመሀሉን ዲፈረንሻል መቆለፍ፣ ዝቅተኛውን ማርሽ ማስገባት፣ ከዚያም ሳይቆሙ ሳይፈጥኑ መሄድ። ጎማውን ስቀይር ጎሚስታው "ውበቷን አጠፋሽው" ብሎኛል።

ነሐሴ ላይ ፉርሽካ የጫነ አይሱዙ ከእርሻው በር ፊት ለፊት እስከ አክስሉ ሰጠመ። ዝናቡ አላቋረጠም፤ ሾፌሩ ቪ8ቱን ሲያይ ፊቱ በራ፤ ሰንሰለቱን ይዞ እየሮጠ መጣና ተሳቢ በሚያያዝበት ክብ ብረት ላይ ሊጠመጥም ጎንበስ አለ። ጮኼ አስቆምኩት። ያ ክብ ብረት ተሳቢ ለማስከተል እንጂ የሰጠመ መኪና ለመንቀል አልተሠራም። ድንገተኛ ጉተታ ሲያርፍበት ሊሰበር ይችላል፤ ከተሰበረም ሰንሰለቱ ወንጭፍ ይሆንለትና ብረቱ የሰው ደረት ወይም የሾፌሩን መስታወት ይፈልጋል። በዚህ የሞቱ ሰዎች አሉ። የሚታሰረው ለመጎተቻ ተብሎ ቻሲው ላይ በተገጠመው መንጠቆ ላይ ነው።

ሾፌሩ ጊዜ የማባክን መሰለው። እኔ ደግሞ መጀመሪያ ጭነቱ ይራገፍ አልኩ። ጫኝና አውራጆቹ በዝናብ ዋጋው እጥፍ ነው አሉ፤ እዚያው ጭቃው ውስጥ ቆመን ተከራከርን። ይህ ሲሆን ጎረቤታችን አዛውንት ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው መጡና "ልጄ፣ በሬዎቼን ልጥመድልሽ?" አሉኝ። የእውነታቸውን ይሁን የቀልዳቸውን እስካሁን አልገባኝም። ጭነቱ ተራገፈ፤ ከጎማዎቹ ፊት ያለው ጭቃ በአካፋ ተጠረገ፤ ድንጋይና የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ተረበረበበት። በሰንሰለቱ ፈንታ ወፍራም የናይለን ገመድ አሰርን፤ ገመዱ መሀል ላይ እርጥብ ሣር የሞላ የማዳበሪያ ከረጢት አንጠለጠልኩበት፤ ቢበጠስ እንኳ ከረጢቱ ወደ መሬት ይጎትተዋል። ሰው ሁሉ ከገመዱ ርዝመት በላይ ራቀ። ልጆቹን ማራቅ ከሁሉም የከበደ ሥራ ነበር። ከዚያ ዝቅተኛው ማርሽ፣ አንደኛ፣ ነዳጁን ሳልረግጠው በሞተሩ ብቻ። ገመዱ ተወጠረ፤ የቪ8ቱ ኮፈን ትንሽ ቀና አለ፤ ለትንሽ ጊዜ ምንም የሚሆን አልመሰለም። ከዚያ ጭቃው አይሱዙውን በትልቅ ድምፅ ለቀቀው። አዛውንቱ "ማረስም ይችላል ማለት ነው" አሉ፤ ይህኛው ቀልድ መሆኑን እርግጠኛ ነኝ።

ከሱሉልታ ወደ አዲስ አበባ ሲወረድ ሌላ ጥንቃቄ አለ። ተሳቢ ይዞ ቁልቁለቱን በፍሬን ብቻ የሚወርድ ሰው ፍሬኑ ሲግል የሚረግጠው ነገር ያጣል። ማርሹን አስቀድሞ ዝቅ አድርጎ ሞተሩ እንዲይዝ መተው ነው። ከኋላ ያለ ሲኖትራክ ጡሩንባውን ቢነፋ ይንፋ።

ይህን ሁሉ ሳደርግ መኪናውን የማዋርድ የሚመስላቸው ሰዎች ታሪኩን ቢያውቁት ጥሩ ነበር። ላንድክሩዘር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1951 ሲጀመር ከወታደር መኪና የማይለይ ደረቅ ብረት ነበር። የቅንጦት ሁሉ አባት ተደርጎ የሚታየው ሬንጅ ሮቨርም በ1970 ሲወጣ ወንበሩ በፕላስቲክ የተለበጠ ነበር፤ ገበሬው ከእርሻ ሲመለስ ውስጡን በውሃ እንዲያጥበው። ቆዳውና ምንጣፉ ኋላ የመጡ ናቸው። እኔ ሸራ ሳነጥፍ ወደ ጥንቱ እየመለስኩት ነው ብዬ እከራከራለሁ፤ ወንድሜ ግን በዚህ አይረታም።

አንድ ደላላ በቅርቡ መጥቶ ነበር። መኪናውን ዞሮ ዞሮ አየና፣ የድርቆሽ ስባሪ ከማርሹ ሥር በጣቱ እያወጣ፣ "እንደዚህ ያለ ንብረት እንዲህ አይያዝም፤ ሽጠሽ አሮጌ ባለ ባሌስትራ ላንድክሩዘር ፒክአፕ ግዢ፤ በተረፈው ላሞች ጨምሪ" አለኝ። ወንድሜ ይፍቀድ አይፍቀድ ሌላ ነገር ሆኖ ምክሩ ትክክል ነው። ባለ ባሌስትራው፣ ሞላው ተደራራቢ የብረት ሰሌዳ የሆነው፣ አንድ ቶን ይሸከማል፤ ነዳጁም ያነሰ ነው፤ ቢጫር ማንም አያለቅስለትም። ሒሳቡን በወረቀት ሠርቼ ነበር፤ እርሱ ነው ያሸነፈው።

ግን እናቴ አለች። ጉልበቷ ታማሚ ነው፤ እሁድ እሁድ እንጦጦ ማርያም የማደርሳት እኔ ነኝ። በጎን በኩል ያለው መርገጫ ድንጋይ ላይ እየታከከ ስላስቸገረኝ ላስነቅለው ወስኜ፣ በያጁም መፍቻውን አንስቶ ነበር። ከዚያ እናቴ ስትወጣ አየኋት፤ አንድ እጇን መያዣው ላይ፣ አንድ እግሯን መርገጫው ላይ፣ እረፍት፣ ከዚያ ሁለተኛው እግር። መርገጫው ባይኖር ሰው ተሸክሞ ሊያስገባት ነው። በባሌስትራ መኪና ደግሞ ያንን ኮረኮንች አንድ ጊዜ ብትሄድ ሁለተኛ እሺ አትልም። መርገጫው ይቆያል። በያጁ ትንሽ ከፍ አድርጎ፣ በወፍራም ቱቦ ብረት ሊሠራው ተስማምተናል።

ለተሳቢው ደግሞ መኪናውን መግፋት ሲጀምር በራሱ የሚይዝ ፍሬን ያለው አክስል አገኛለሁ ብሏል። እሱ ከተገጠመ የሺህ ሊትሩን ሮቶ መልሶ መነጋገር ይቻላል። ቅድሚያ ክፍያ ይፈልጋል፤ የወተቱ ሒሳብ የሚገባው ቅዳሜ ስለሆነ ከሰዓት በኋላ ሄጄ አነጋግረዋለሁ። ወንድሜ ከዚያ በፊት ከደወለ ስለ መርገጫው እነግረዋለሁ፤ ስለ ተሳቢው ግን አይመስለኝም።