ሰንጠረዡ ላይ ባሕሩ ጸጥ ብሎ ነበር

መሥሪያ ቤታችን ውስጥ ጉዞ የማደራጀው እኔ ነኝ። ትኬቱም፣ ሆቴሉም፣ መኪናውም በእኔ ጠረጴዛ ያልፋል። በሥራዬ አልታማም። ስለዚህ አለቃዬ "ከስብሰባው በኋላ ሦስተኛው ቀን ክፍት ነው፤ ለቡድኑ የሰርፊንግ ቀን አዘጋጅልን" ስትለኝ ሁለቴ አላሰብኩም። ስምንት ሰው ነን። ከስምንታችን ሰርፍ ቦርድ ላይ፣ ማለትም ሞገድ በሚጋለብበት ሰሌዳ ላይ፣ ቆሞ የሚያውቅ አንድም የለም። የምንሄድበትን ባሕር ዳርቻ ያየም የለም። እኔ ግን ኤክሴል አለኝ።

ሁለት ምሽት ቁጭ ብዬ ሠራሁት። የሞገዱን ትንበያ ከአንድ ድረ ገጽ፣ የባሕሩን ሙላትና ጉድለት ከሌላ፣ ነፋሱን ከሦስተኛ ለቃቀምኩ። ሞገድ፣ 1.2 ሜትር። ነፋስ፣ ደካማ፣ ከየብስ ወደ ባሕር። እሱ ጥሩ ነው፤ የሞገዱን ፊት አያበላሽም። ባሕሩ ጨርሶ የሚጎድለው ጠዋት 4 ሰዓት። ዳርቻው ለጀማሪ የሚመቸው ውኃው ዝቅ ሲል ነው የሚል አንብቤ ነበር። ስለዚህ 2 ሰዓት ላይ እንገባለን፣ 5 ሰዓት ላይ እንወጣለን፣ 6 ሰዓት ላይ ምሳ። ምሳው ቀድሞ ተይዟል።

ሰንጠረዡን ሳሳምር አንድ ዓምድ አጠፋሁ። "15 ሰከንድ" የሚል ነበር። ምን እንደሆነ አልገባኝም፤ እኔ ያልገባኝ ደግሞ ማንንም አይጠቅምም ብዬ ነው። ለደኅንነት ገለጻ የተያዘውን 20 ደቂቃም ወደ 5 አወረድኩት። ምሳው እንዳያልፍብን።

ለነገሩ ሰው አልጠየቅኩም ማለት አይደለም። በዋዜማው ለአንድ ቦርድ አከራይ ደውዬ "ነገ እንዴት ነው?" አልኩ። ስልኩን ያነሳው ወጣት "ነገማ አሪፍ ነው! ቀኑን ሙሉ ነው የምንጠብቀው!" አለኝ። ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ጠዋት ከሱቁ ያገኘናቸው ግን ሌላ ሰው ናቸው። ዕድሜያቸው የገፋ፣ ፊታቸው ፀሐይ የጠገበ። ስምንታችንን ከላይ እስከ ታች አዩንና "ጀማሪ ናችሁ?" አሉ። አዎ አልኳቸው። "ዛሬ?" ዛሬ። ዝም አሉ። ከዚያ ሁላችንንም አሸዋው ላይ አስቀምጠው ገለጻ ጀመሩ። እኔ ሰዓቴን አሳየኋቸው። እሳቸው ሰዓቴን አላዩትም። ቀይና ቢጫው ባንዲራ የሚያመለክተው ሕይወት አድን ሠራተኞች የሚጠብቁትን የዋናተኛ ቦታ ነው፤ ጥቁርና ነጩ ለቦርድ ነው፤ ሙሉ ቀይ ከተሰቀለ ውኃ ውስጥ አትገቡም። ውኃ ወደ ውስጥ ከወሰዳችሁ አትታገሉት፤ ቦርዱን አትልቀቁ፤ አንድ እጃችሁን አንሱ። ይቺን የመጨረሻዋን ሦስቴ አስደገሙን። 20 ደቂቃዋ ሙሉ አለቀች።

ከዚያ "እንግባ?" አልኩ። ባሕሩ እንደ ሐይቅ ተኝቷል። በጣቴ አሳየኋቸው። "ትንሽ እንይ" አሉኝ። አየን። አምስት ደቂቃ፣ ምንም። ስምንት ደቂቃ፣ ምንም። በልቤ እኚህ ሰውዬ እያለሳለሱ ሰዓቴን ሊበሉት ነው አልኩ።

አሥር ደቂቃ ገደማ ሲሆን ከአድማሱ ላይ መስመር ብድግ አለ። ከኋላው ሌላ፣ ከኋላው ሌላ። አምስት ሞገድ ተከታትሎ መጣና ፊታችን ካለው ቁልቁለት አሸዋ ላይ ተከሰከሰ። ድምፁ በጆሮ ሳይሆን በደረት ነበር የሚሰማው። ከዚያ ባሕሩ እንደገና ተኛ። ምንም እንዳላደረገ።

"ስንት ሰከንድ ይላል ወረቀትህ?" አሉኝ። ወረቀቴ ምንም አይልም። እኔው አጥፍቼዋለሁ።

ያ 15 ሰከንድ አንዱ ሞገድ ካለፈ በኋላ ሁለተኛው እስኪመጣ ያለው ጊዜ ነው። ቁመቱ እኩል 1.2 ሜትር ሆኖ በ7 ሰከንድ የሚመጣ ሞገድ በአካባቢው ነፋስ የተገፋ፣ ድካም የያዘው ነው። በ15 ሰከንድ የሚመጣው ከሩቅ ማዕበል የተወለደ ነው፤ የተሸከመው ኃይል የዚያኛውን እጥፍ ይሆናል። ወደ ጥልቀት የሌለው ውኃ ሲደርስ ደግሞ ከፍ ብሎ ይቆማል። ሲመጣም በቡድን ነው፤ በመሐል ረጅም ዝምታ አለ። ዋልተር ሙንክ የሚባለው የውቅያኖስ ተመራማሪ በ1963 እ.ኤ.አ. ከአንታርክቲካ አካባቢ የተነሱ ሞገዶችን እስከ አላስካ ድረስ ተከታትሏቸዋል። ያን ሁሉ መንገድ ሄዶ የሚደርስ ነገር እኔ በአንድ ዴሊት ነው የሸኘሁት።

ሰውየው ወረቀቴን ተቀበሉኝና ጣታቸውን 4 ሰዓት ላይ አሳረፉ። "ይህ የበጋው ሰዓት ተጨምሮበታል?"

አልተጨመረበትም። አገሩ በበጋ ሰዓቱን አንድ ሰዓት ወደፊት ይገፋል፤ እኔ የወሰድኩት ሠሌዳ ግን በመደበኛው ሰዓት የተሠራ ነው። ግርጌው ላይ በትንንሽ ፊደል ተጽፏል። ግርጌ ማን ያነባል? አንድ ሰዓት ምን ያመጣል ትሉ ይሆናል፤ እኔም ብዬ ነበር። ባሕር ግን በእኩል ፍጥነት አይጎድልም። ከሙላት እስከ ጉድለት ስድስት ሰዓት ገደማ አለ፤ ከጠቅላላው ግማሹ የሚወርደው በመሐለኞቹ ሁለት ሰዓቶች ነው። የዚያን ቀን በሙላቱና በጉድለቱ መካከል 4 ሜትር ልዩነት ነበር። እና እኛ የደረስነው ልክ በመሐሉ፣ ውኃው በጣም በሚሮጥበት ሰዓት ነው። የአንድ ሰዓት ስሕተቴ ወደ አንድ ሜትር ውኃ ተመነዘረ። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ የሚባለው ለካ ለእንደዚህ ዓይነቱም ነው።

እኛ ወረቀት ላይ ስንከራከር የሒሳብ ሠራተኛችን ቦርዷን ይዛ ገብታለች። ልትለማመድ፣ እስከ ጉልበቷ ብቻ። ቦታም መርጣ ነው። ግራና ቀኙ ነጭ አረፋ ሲሆን መሐሉ ላይ ሞገድ የማይሰበርበት፣ ጸጥ ያለ መንገድ ነበር። እኔም ብሆን እዚያው ነበር የምገባው። ዳርቻ ላይ የተከማቸው ውኃ ወደ ጥልቁ የሚመለሰው ግን በዚያች ጸጥተኛ መንገድ ነው።

ቀና ስል እሷ ሩቅ ነች። ቦርዷ ላይ በሆዷ ተኝታለች፣ አንድ እጇ ወደ ላይ ነው። ሕይወት አድን ሠራተኛዋ በቦርድ እየቀዘፈች ደርሳ ይዛት በጎን በኩል ዞራ መለሰቻት። ሦስት ደቂቃ ቢሆን ነው። እኔ በሦስቱ ደቂቃ ያንን ከ20 ወደ 5 የቀየርኩትን የሰንጠረዤን ሳጥን ነበር የማየው።

ተመልሳ አሸዋው ላይ ቁጭ አለች። ጨው ተፋች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ "ይቺን ሒሳብ ማን ነው የሠራት?" አለች።

የቀረው ቀን ጥሩ ነበር። ሰውየው ወደ ባሕሩ ከገባው ኮረብታማ የየብስ አፍንጫ ጀርባ ወዳለች ትንሽ ባሕረ ሰላጤ ላኩን። ሞገዱ እዚያ የሚደርሰው አፍንጫውን ዞሮ፣ ጉልበቱን ጥሎ ነው፤ ቁመቱ እስከ ጉልበት። አለቃዬ ሦስት ሰከንድ ያህል ቆመች። እስከዛሬ ታወራዋለች፤ አሁን አሥር ደርሷል። ከሰዓት በኋላ የብሱ ሲሞቅ ነፋሱ ከባሕር መጣና ውኃውን አበጣጠሰው፤ ወጣን። ምሳው ቀረ። ማንም አላነሳው።

አሁን ሰንጠረዤ ላይ የሰከንዱ ዓምድ ከቁመቱ ቀድሟል። ሰዓት ሁሉ አጠገቡ የየትኛው ሰዓት እንደሆነ ይጻፋል። ገለጻው አይነካም። የስልክ ጥያቄዬ ግን ከሁሉም በላይ ተቀይሯል። ያ ወጣት አልዋሸኝም እኮ፤ ለእሱ በእርግጥ አሪፍ ቀን ነበር። "ነገ እንዴት ነው?" ብሎ ሰርፈር መጠየቅ ለማን እንደሆነ ሳይናገሩ ልብስ እንደማዘዝ ነው። አሁን የምለው "ዋና የሚችል፣ ሰርፍ ግን የማያውቅ ወንድምዎ ቢመጣ፣ የት ወስደው በስንት ሰዓት ያስገቡታል?" ነው። መልሱ ብዙ ጊዜ እኔ ከመረጥኩት ዳርቻ ሌላ ነው። አንዳንዴም "ነገ አላስገባውም" ይሉኛል።

የሒሳብ ሠራተኛችን አሁንም የጉዞ በጀቴን የምትፈርመው እሷ ነች። ባለፈው ሳምንት ለሁለት ቀን ስብሰባ፣ ከባሕር ጋር ምንም ለማይገናኝ ከተማ ወረቀት አቀረብኩላት። ብዕሯን አነሳች፣ አየችኝ።

"ስንት ደቂቃ ቁጭ ብለህ አየኸው?" አለች።