ወፍ አለ!

ሰው ቀጥሮን ሄደን ማንም ከሌለ «ወፍ የለም» እንላለን። ኪሳችን ገብተን ሳንቲም ካጣንም ወፍ የለም ነው። ባለፈው ዓመት በጁን መጨረሻ አንድ ሳምንት የከረምኩባት ደሴት ላይ ግን ይህ አባባል አይሠራም። እዚያ ወፍ አለ። ራስ ላይ አለ፣ እግር ስር መሬት ውስጥ አለ፣ ሌሊት በመስኮት በኩልም ይጮኻል።

ደሴቷ አይል ኦቭ ሜይ ትባላለች። ስኮትላንድ ውስጥ፣ ከፋይፍ ጠረፍ 8 ኪሎ ሜትር ያህል ገባ ብላ ባሕሩ ላይ ተቀምጣለች። ርዝመቷ 2 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ወርዷ ግማሽ ኪሎ ሜትር እንኳ የለውም። ሰው ብዙውን ጊዜ ከአንስትራዘር በጀልባ ሄዶ፣ ሁለት ሦስት ሰዓት ቆይቶ፣ ፎቶ አንሥቶ ይመለሳል። ማደር የፈለገ ደግሞ ከ1934 ጀምሮ የቆየ የወፍ መመልከቻ ጣቢያ አለ። ሎው ላይት የሚባል፣ ለመርከብ መንገድ ያሳይ የነበረ የድሮ መብራት ቤት ነው። ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ ስድስት ሰው ያድርበታል። ምግብህን ይዘህ ትሄዳለህ። እኔ ድርቆሽ፣ ሽሮና በርበሬ ይዤ ሄድኩ። ድርቆሽ ለእንዲህ ያለ መንገድ የተፈጠረ ነገር ነው፤ ከሦስተኛው ቀን በኋላ አብረውኝ ያሉትም ሰሃን ይዘው መጠጋት ጀመሩ።

ማታ ማታ መዝገብ ይሞላል። ሁሉም ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጥና አንድ ሰው የወፎቹን ስም በተራ ይጠራል። ያየ ቁጥሩን ይናገራል። የእድር ስም ጥሪ በሉት፤ ልዩነቱ የቀረ አይቀጣም።

እኔ የተዋረድኩት በዚህ ጥሪ ላይ ነው።

ኤደንብራ ውስጥ አውቶቡስ ነጂ ነኝ። ሥራ ላይ ሰዓት የማነበው እንደ አገሩ ነው። 07፡42 ከተባለ 07፡42 ነው፤ ደቂቃ አላዛንፍም። ለራሴ ስጽፍ ግን እጄ አገር ቤት ይገባል። በሁለተኛው ቀን ፓፊን የሚባለውን የባሕር ወፍ ቆጥሬ ማስታወሻዬ ላይ «3፡00፣ ፓፊን 38። 1፡00፣ ፓፊን 412» ብዬ ጻፍኩ። ለእኔ ጥርት ያለ ነገር ነው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ጥቂት ነበሩ፣ ማታ አንድ ሰዓት መሬቱን ሞሉት። መዝገቡን የያዙት ሽማግሌ ደብተሬን ወሰዱና መነጽራቸውን አስተካከሉ። «ከእኩለ ሌሊት በኋላ ተነሥተሽ ነው 38 የቆጠርሽው? ቀትር ላይ ደግሞ 412 ፓፊን አየሽ?» አሉኝ። ቀትር ላይ አብዛኛው ፓፊን ወይ ባሕር ላይ ዓሣ ያድናል ወይ ጉድጓዱ ውስጥ ነው። እሳቸው ይህን ለዓመታት ያዩ ሰው ናቸው። የእኔ ቁጥር እብደት ሆነባቸው።

የኢትዮጵያን ሰዓት ማስረዳት ጀመርኩ። ቀኑ ፀሐይ ስትወጣ ነው የሚጀምረው አልኩ። አንዷ ሳቀችና «ታዲያ እዚህ ፀሐይ የምትወጣው በእናንተ ስንት ሰዓት ላይ ነው?» አለችኝ። አሰብኩት። በጁን መጨረሻ ፀሐይ እዚያ የምትወጣው በእኛ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። የምትጠልቀው ደግሞ ከምሽቱ 4 ሰዓት አካባቢ። የእኛ ሰዓት ቀጠሮ ለምታከብር ፀሐይ የተሠራ ነው። የስኮትላንዷ የበጋ ፀሐይ ቤቷ መግባት አትወድም።

ነገሩ ሳቅ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። የወፎቹን ድምፅ የምቀዳበት መቅጃዬ ሰዓቱን በፈረንጅ ይመዘግባል፣ ደብተሬ በሐበሻ። የትኛው ቅጂ ከየትኛው ገጽ ጋር እንደሚሄድ ለመለየት ያን ሌሊት 17 ፋይል አንድ በአንድ ሰማሁ። ከዚያ ወዲያ ገጹን ስከፍት መጀመሪያ የምጽፈው ሰዓቱን ነው፣ በ24 ሰዓት አቆጣጠር። ከዚያ ቦታውን፣ ከዚያ ንፋሱን። የወፉ ስም አራተኛ ነው የሚመጣው።

ቁጥሩም ቢሆን ልክ አልነበረም። 412 ያልኩት ውጭ ቆመው ያየኋቸውን ነው። ከመሬት በታች ስንት እንዳለ እሱ የት ይታወቃል? ፓፊን ጥንቸል ጉድጓድ በሚመስል ዋሻ ውስጥ አንዲት እንቁላል ይጥላል። በወጉ የሚቆጥሩት ባለሙያዎች በአውሮፓው ፀደይ ጉድጓዱን ነው የሚቆጥሩት፤ አዲስ የተቆፈረ አፈርና ኩስ እያዩ። በ2017 የተደረገው ቆጠራ 39 ሺህ ያህል ጥንድ አግኝቷል። የእኔ 412 ዋጋ የሚኖረው «ከዚህ ግንብ እስከዚያ ትልቅ ድንጋይ፣ በ10 ደቂቃ ውስጥ» ብዬ ከጻፍኩ ብቻ ነው። ያኔ በማግሥቱ ሌላ ሰው እዚያው ቆሞ ሊቆጥር ይችላል። ከመንገዱ መውጣት ደግሞ ፈጽሞ አይቻልም። አንድ እግር ብታስገባ የአንድ ቤተሰብ ጣራ ተደረመሰ ማለት ነው።

ሁለተኛው ጥፋቴ ስም ማውጣት ነው። ደጋ ላደገ ሰው የባሕር ወፍ ስም ከየት ይመጣል? ንስር፣ ቁራ፣ ጭላት፣ ቆቅ እላለሁ፣ ከዚያ አፌ ይያዛል። ስለዚህ ከመልካቸው እየተነሣሁ ሰየምኳቸው። ገደሉ ጫፍ ላይ ጥቁር ካባ ደርበው፣ ደረታቸው ነጭ ሆኖ፣ ተደርድረው ቆመው ሲያጉረመርሙ ያየኋቸውን «ሽማግሌዎች» አልኳቸው። እውነትም ለሽምግልና የተላኩ ይመስላሉ። ማታ መዝገብ ላይ ስደርስ ሽማግሌዎቼ ሁለት ዓይነት ወፍ ሆነው ተገኙ። ጊልሞት የሚሉት ቡናማ ቢጤ ነው፣ ምንቃሩ ሹል። ራዘርቢል የሚሉት ከሰል የመሰለ ጥቁር ነው፣ ምንቃሩ ደፍጠጥ ብሎ ነጭ መስመር የተሰመረበት። የአንድ ቀን ቁጥሬ በሙሉ ገደል ገባ። ከዚያ በኋላ ቅጽል ስሙን አልተውኩትም፣ አጠገቡ ግን እውነተኛውን ስም እጽፋለሁ። አንዳንድ ጊልሞት ዓይኑ ዙሪያ ነጭ ክብና ወደ ኋላ የሚሄድ መስመር አለው፤ መነጽር ያደረገ ይመስላል። እሱን «መምህር» ብዬዋለሁ። በአምስት ቀን ሰባት መምህር መዝግቤአለሁ።

ድምፁ ከሁሉም ፈተነኝ። የሰሜን ባሕር ንፋስ ማይክራፎን ላይ ሲያርፍ ጭነት መኪና ነው የሚመስለው። ከመቅጃው ጋር የመጣችው ስፖንጅ ወፍ የለም፣ ምንም አላዳነችም። ከወጥ ቤት ሁለት ትናንሽ የሽቦ ወንፊት አመጣሁ። አፍ ለአፍ ገጥሜ አሰርኳቸው፣ መቅጃውን መሃል አንጠለጠልኩ፣ ውጭውን በአሮጌ ነጠላ ጠቀለልኩት። ሚስጥሩ ጨርቁ ማይክራፎኑን እንዳይነካ ነው። መሃል ላይ የተኛ አየር ሲኖር ንፋሱ እዚያ ይሞታል፣ ድምፁ ግን ያልፋል። ጋቢ ሞክሬ ነበር። ጋቢው ንፋሱንም ወፉንም እኩል አስተኛቸው።

መቅጃዬን ይዤ መጀመሪያ የሄድኩት ወደ አርክቲክ ተርኖች ነው። ክብደቷ 100 ግራም ገደማ የሆነች ነጭ ወፍ ናት። እዚህ ትፈለፍልና ለአውሮፓው ክረምት እስከ አንታርክቲካ ትወርዳለች። ከዚያው አካባቢ፣ ከፋርን ደሴቶች፣ መከታተያ የተደረገላት አንዷ በአንድ ዓመት 96,000 ኪሎ ሜትር በርራ ተመልሳለች። ያን ሁሉ መንገድ መጥታ እኔን አናት አናቴን ትላለች! ደግነቱ የምትመታው ከፍ ያለውን ነገር ነው። ማማሰያ ከራሴ በላይ ይዤ ሄድኩ፣ እሱን ቀጠቀጠችው። ቅጂው ጥርት ብሎ ወጣ። መመልከቻው ውስጥ ሳሰማቸው ግን አንዱ ልጅ «ይሄ እኮ ስድብ ነው፣ አንቺን ነው የምትሳደበው» አለኝ። እውነቱን ነው። ጎጆ አጠገብ ቆሜ የቀዳሁት የወፏን ኑሮ ሳይሆን በእኔ መናደዷን ነበር። በማግሥቱ መቅጃውን መንገዱ ዳር ግንቡ ላይ አስቀምጬ ራቅሁ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ስድቡ በረደ። ባል ለሚስት ዓሣ ሲያመጣ የሚሰማው ትንሽ ጭውጭውታ ያኔ ነው የመጣው።

የሌላውን አጠር ላድርገው። ማታ በመብራት ሳጥን የእሳት ራት እንይዛለን፣ ጠዋት ስሙን ጽፈን እንለቃለን። ድንጋዩ ላይ ሲል የሚባሉ ግራጫ የባሕር እንስሳት ተጋድመው ያቃስታሉ፤ ያን ድምፅ በጭጋግ ውስጥ ሳታውቀው ከሰማኸው ጸሎት ትጀምራለህ። የአይደር ዳክዬዎች ጫጩቶቻቸውን አንድ ላይ ደባልቀው ይነዳሉ። የማን ልጅ የማን እንደሆነ አይለይም፣ አክስት የሆነች ሁሉ ታሳድጋለች። ወደ ደቡብ ስታይ ባስ ሮክ የሚባለው አለት ጋኔት በሚባሉ ትልልቅ ወፎች ነጭ ሆኖ ይታያል። በ2022 የወፍ ጉንፋን ብዙዎቹን ፈጅቷል። ከተረፉት መካከል የዓይናቸው ቀለም ከነጣ ሰማያዊ ወደ ጥቁር የተለወጠ አሉ። በባይኖክላር አንዱ በአጠገባችን ሲያልፍ አየሁት። ዓይኑ የከሰል ፍም ጠፍቶበት የቀረ ይመስላል። «ጋኔት 1፣ ጥቁር ዓይን» ብዬ ጻፍኩ።

ሐሙስ ማታ ንፋሱ ቆመ። 21፡30 ላይ ከገደሉ አፋፍ ተቀመጥን። የጊልሞት ጫጩት ገና ሦስት ሳምንቱ ነው፣ መብረር አይችልም። ግን በዚህ ዕድሜው ነው የሚዘለው። አባቱ ባሕሩ ላይ ሆኖ ይጠራዋል። አንዱን ለይቼ ያዝኩ። ጫፍ ድረስ ይመጣል፣ ቁልቁል ያያል፣ ይመለሳል። ደግሞ ይመጣል። ጩኸቱ ቀጭን ፉጨት ነው። ከታች ያለው የአባትየው ደግሞ ወፍራምና ሻካራ። ስልኬ ላይ ያለው ወፍ በድምፅ የሚለይ አፕ በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሃል ዝም አለ። እኔ ግን ሁለቱን ለየኋቸው፣ ምክንያቱም ተራ በተራ ነበር የሚጠራሩት። በስድስተኛው ይሁን በሰባተኛው ዘለለ። ክንፍ ተብዬዎቹን እያራገበ ወረደ፣ አለት ነክቶ ነጠረ፣ ውኃው ላይ አረፈ። አባትየው እየጮኸ ቀዝፎ ደረሰበት። ተያይዘው ወደ ጥልቁ ሄዱ።

ቅጂውን ከፈትኩት። ሰዓቱን፣ ቦታውንና ንፋሱን ስናገር ይሰማል። ከዚያ የሁለቱ ጥሪ። ልክ ሲዘል ደግሞ የእኔ «ወይኔ ልጄን!» ጥርት ብሎ ተቀድቷል። አልቆረጥኩትም።

አንስትራዘር ወርጄ ኔትወርክ ሳገኝ ለእናቴ ሌላ ድምፅ ላኩላት፤ ፓፊን ከጉድጓዱ ውስጥ ሲያጉረመርም የቀዳሁትን። ደወለችልኝ።

«ይሄ ምንድነው?»

«ወፍ ነው እማዬ። መሬት ውስጥ ሆኖ ነው የሚጮኸው።»

«ወፍማ አይደለም። በር ነው። ማጠፊያውን ዘይት ያስቀቡት በያቸው። ስንት ሰዓት ላይ ነው?»

ፋይሉን አየሁ። 21፡04 ይላል። «ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ4 ደቂቃ» አልኳት።

«ታዲያ እስከዚያ ሰዓት በር አይዘጉም?»