ሰሙን ማቅናት፦ ከግጥም ጋር የቆየሁባቸው 14 ወራት

ግጥምና የዘፈን ስንኝ ለራሴ ሕይወት ምን እንደሚለኝ ለማወቅ በደብተር መለማመድ ከጀመርኩ 14 ወር ሆኖኛል። አሠራሬ ቀላል ነው። በየሳምንቱ እሑድ ማታ ሁለት ስንኝ ብቻ እመርጥና በግራው ገጽ ላይ ቃሉ የሚለውን፣ በቀኙ ገጽ ላይ ደግሞ በእኔ ውስጥ የቀሰቀሰውን እጽፋለሁ። እስካሁን ከ50 በላይ ጥንድ ስንኞች ተመዝግበዋል። ከእነዚህ ውስጥ የብዙዎቹ ቀኝ ገጽ ዛሬ ሳነበው አያረካኝም፤ ሆኖም አንዱ ጥንድ ስንኝ አነባበቤን ስለለወጠው፣ እንደ እኔው በዚህ ልምምድ ላይ ላላችሁ ታሪኩን ዘርዘር አድርጌ ላካፍላችሁ ወደድኩ።

የመጀመሪያዎቹ አራት ወራት ያለፉት በስሕተት ነው። ግራው ገጽ ሁለት መስመር ሲይዝ ቀኙ ሞልቶ ወደ ሚቀጥለው ቅጠል ይፈስ ነበር። ስለ መለየት የሚናገር ዘፈን ስሰማ ወዲያው የራሴን መለየት፣ ስለ አገር የሚናገር ግጥም ሳነብ ወዲያው የራሴን ናፍቆት እጽፋለሁ። ይህን የግል ትርጉም ማግኘት ነው ብዬ አምኜ ነበር። አንድ ቀን ግን ደብተሩን ከመጀመሪያው ጀምሬ ሳገላብጥ፣ የአንዱን ዘፈን ቀኝ ገጽ ቆርጬ በሌላው ዘፈን አጠገብ ብለጥፈው ልዩነቱን እኔ ራሴ እንኳ እንደማልለየው ተረዳሁ። አራት ወር ሙሉ ያነበብኩት ራሴን ነበር፤ ግጥሞቹ ደጅ እንደቆሙ ቀርተዋል።

በሰፈራችን በወጣትነታቸው ጎጃም ውስጥ ቅኔ የተማሩ አንድ አዛውንት አሉ፤ ሁላችንም የኔታ እንላቸዋለን። ደብተሬን ይዤ ሄድኩና ችግሬን ነገርኳቸው። ጥቂት ገጽ ካዩ በኋላ፣ «ልጄ፣ ወርቁን ትሮጥለታለህ፤ ሰሙን ግን አላቀናኸውም» አሉኝ። በቅኔ ሰም ማለት ከላይ የሚታየው የቃሉ ትርጉም፣ ወርቅ ደግሞ በውስጡ የተሰወረው ትርጉም ነው። ቀጥለውም ሁላችንም በትምህርት ቤት የሰማነውንና እኔ ልብ ሳልለው ያለፍኩትን የአንጥረኛውን ሥራ አስረዱኝ። አንጥረኛው ጌጡን መጀመሪያ በሰም ይቀርጸዋል፤ ሰሙን በጭቃ ይለብጠዋል፤ ጭቃውን በእሳት ሲያግለው ሰሙ ቀልጦ በቀዳዳው ይወጣል፤ በባዶው ቦታም የቀለጠ ወርቅ ይፈስበታል። ስለዚህ ወርቁ የራሱ መልክ የለውም፤ መልኩን የሚሰጠው ሰሙ ነው። ሰሙ የተጣመመ እንደሆነ ወርቁም ተጣሞ ይወጣል።

እርሳቸው ይህን የተናገሩት ስለ ባለቅኔው ነው። ተማሪው ቅኔ ሲቆጥር፣ ማለትም ራሱ ሲያዘጋጅ፣ በሁለት ቤት (መስመር) የምታልቀውን ጉባኤ ቃና የምትባለውን የቅኔ ዓይነትም ቢሆን፣ ሰሙንና ወርቁን አስማምቶ ማቅረብ ይጠበቅበታል። እኔ ግን ወደ ቤቴ ስመለስ ነገሩ ለአንባቢም እንደሚሠራ አሰብኩ። ገጣሚው ቅርጹን ይተውልኛል፤ እኔ የማፈስበት ወርቅ ከራሴ ሕይወት ይመጣል፤ ቅርጹን ግን እንዳሻኝ ልለውጠው አይገባም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግራው ገጽ እስኪሞላ ድረስ ቀኙን ላለመንካት ለራሴ ቃል ገባሁ።

ግራውን ገጽ ለመሙላት ሁለት ነገር ረድቶኛል። አንደኛው ቀለም፣ ማለትም በአንድ ትንፋሽ የሚባለውን የቃል ክፋይ፣ መቁጠር ነው። በተለምዶ የወል ቤት የሚባለው የአማርኛ ግጥም ስንኝ 12 ቀለም አለው፤ መሐል ላይ ስድስት በስድስት ይከፈላል። በፊደል መቁጠር ግን አይሠራም፤ ሳድሱ ፊደል ብዙ ጊዜ ከጎረቤቱ ጋር ተዳብሎ ስለሚነበብ፣ «መምጫ» በፊደል ሦስት ሆኖ በቀለም ሁለት ነው። ድምፅን ከፍ አድርጎ በጣት እየመቱ መቁጠር ያስፈልጋል። ቆጠራው ሲጎድል ወይም ሲተርፍ አንድ ቃል በትክክል እንዳልሰማሁ እጠረጥራለሁ። ሁለተኛው ማጥበቅና ማላላት ነው። ጽሕፈታችን የሚጠብቀውን ከሚላላው ለይቶ ስለማያሳይ «አለ» ተናገረም፣ ኖረም ይሆናል፤ «ዋና» ውኃ ውስጥ የሚዋኙትም ነው፣ ዐቢይ የምንለውም ነው። አንዱን ቃል በሁለቱም መንገድ አንብቤ ሳልመዝን አላልፍም።

አሁን ወደ ስንኙ ልምጣ። አያቴ ስትፈጭ የምታንጎራጉረው ነው፦

የልጄን መምጫ ቀን ብጠይቅ ነገሩኝ፣
ገና ነው ገና ነው እያሉ አሰሩኝ።

በልጅነቴ ከወፍጮው አጠገብ ተቀምጬ ስሰማው ትዝ ይለኛል። መጁ ወደ ፊት ሲሄድ ግማሹ ስንኝ፣ ወደ ኋላ ሲመለስ ግማሹ ይባላል፤ ስድስት በስድስት መከፈሉ ለእጇ ዐረፍት የሚሰጥ ይመስል ነበር። አጎቴ ወታደር ሆኖ ሄዶ ለዓመታት ሳይመለስ በቆየበት ጊዜ ያወጣችው ነው ይባላል። ኅብረ ቃሉ፣ ማለትም ሁለቱን ትርጉም የሚሸከመው ቃል፣ «ገና» ነው። ሲጠብቅ ታኅሣሥ 29 የሚከበረው በዓል ነው፤ ልጅሽ ለበዓሉ ይመጣል ብለዋታል። ሲላላ ደግሞ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው። ያጽናናትም፣ ተስፋ ያስቆረጣትም ያው አንድ ቃል ሆኖ ተገኘ።

ይህን በግራው ገጽ ከጻፍኩ በኋላ ቀኙን ለመሙላት አልቸገረኝም፤ ምክንያቱም እኔም የምኖረው አዲስ አበባ ነው፤ እናቴ ደግሞ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ርቃ ደብረ ማርቆስ አካባቢ ትኖራለች። ስልክ በደወልኩ ቁጥር መቼ እንደምመጣ ትጠይቀኛለች፤ እኔም «ለገና» እላታለሁ፤ በዓሉ ሲደርስ ሥራ ይበዛና «ገና ነኝ» እላለሁ። በስንኙ ውስጥ ያለሁት በአያቴ ቦታ ሳይሆን «ነገሩኝ» በተባሉት ሰዎች ቦታ ነው። «አሰሩኝ» የሚለው ቃል ክስ ሆኖ ታየኝ፤ እናቴን በተስፋ ገመድ አስሬ የያዝኳት እኔ ነኝ ብዬ ሁለት ገጽ ሙሉ ጻፍኩ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በማግሥቱ ደወልኩና ስንኙን አነበብኩላት። ጥቂት ዝም አለችና፣ «አሰሩኝ አይደለም እኮ፣ ልጄ፤ እያሉ አኖሩኝ ነው የምትለው። ማን ያስራታል?» አለችኝ።

«አሰሩኝ» እና «አኖሩኝ» በቀለም እኩል ሦስት ሦስት ናቸው፤ ቤት መድፊያቸውም አንድ ነው። ስለዚህ ቆጠራው ሊያጋልጠኝ አልቻለም። ትርጉሙ ግን ተገለበጠ። አኖሩኝ ማለት በቀጠሮ አቆዩኝ፣ ደለሉኝ ማለት ሊሆን ይችላል፤ በሕይወት አቆዩኝ ማለትም ይሆናል። ኅብሩ «ገና» ላይ ብቻ ነው ብዬ ስፈልግ ሁለተኛው መጨረሻው ቃል ላይ ተቀምጦ ነበር። እንዲያውም አያቴ ያመሰገነቻቸው ይመስለኛል፤ ገና ነው ባይሏት ኖሮ እነዚያን ዓመታት በምን ትኖራቸው ነበር? አጎቴ በመጨረሻ የተመለሰው በገና ሳይሆን በሐምሌ ዝናብ ነው፤ እርሷም በሕይወት ጠብቃዋለች።

የቀድሞውን ሁለት ገጽ አልቀደድኩትም፤ በላዩ ላይ አንድ መስመር ብቻ አሰመርኩበት። ከሥሩም፣ ለእናቴ የምነግራትን «ገና» ማጥበቁም ማላላቱም በእኔ እጅ እንደሆነ ጻፍኩ።

ስለ ዘፈን አንድ ነገር ልጨምር። ዘፈን ከተነበበ ግጥም ይልቅ አስቸግሮኛል፤ ዜማው ቃሉን ሳልሰማ ስሜቱን ቀድሞ ስለሚሰጠኝ ነው። በትዝታ ቅኝት የተዘፈነ ማንኛውም ስንኝ፣ ቃሉ ምንም ቢል፣ ሆዴን ያባባዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ዘፈኑን እየገታሁ ግጥሙን እጽፈዋለሁ፤ ያለ ዜማ ሦስት ጊዜ አነበዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ ነው ሙዚቃውን የምመልሰው። በትዝታ ዘፈኖች የማደንቀው ዘፋኞች ስንኞቹን ከጋራ ጎተራ እንደሚወስዱ ሁሉ እያንዳንዱ በራሱ ምርጫ ማቀናጀቱን ነው። በአዝማሪ ቤትም ታዳሚው «ተቀበል» ብሎ የራሱን ስንኝ ሲሰጥና አዝማሪው በማሲንቆ ሲመልስለት፣ የግል ትርጉም በአደባባይ መልክ ሲይዝ ይታያል። ይህን ባየሁ ቁጥር በደብተሬ የማደርገው አዲስ ነገር እንዳልሆነ እረዳለሁ፤ ደስም ይለኛል።

ባለፈው ታኅሣሥ ለበዓሉ እናቴ ዘንድ ሄድኩ። ወፍጮው ዛሬ አይሠራም፤ መጁ ከግድግዳው ሥር ተደግፎ አለ። ስንኙን በዜማው እንድታንጎራጉርልኝ ለምኜ በስልኬ ቀዳሁት። እኔ የመጀመሪያው «ገና» የሚጠብቀው፣ ሁለተኛው የሚላላው አድርጌ መዝግቤ ነበር፤ እርሷ ግን መጀመሪያ አላልታ፣ ቀጥላ አጠበቀችው። እንዲህ ሲሆን ስንኙ የሚያርፈው በበዓሉ ላይ ነው። ግራውን ገጽ ለሦስተኛ ጊዜ አርሜዋለሁ፤ ቀኙን ደግሞ በሚመጣው እሑድ እንደገና እጽፈዋለሁ።