አንድ ክፍል፣ ሁለት ዓርማ

ሰሞኑን ከአእምሮዬ አልወጣ ያሉኝ አንድ የእንግሊዝ ቤተሰብ ልጆች አሉ። ሚትፎርዶች ይባላሉ፤ ስድስት እህትማማቾችና አንድ ወንድም። ትልቋ ናንሲ በ1904 ተወለደች፣ ትንሿ ዴቦራ በ1920 (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። አባታቸው ሎርድ ሬድስዴል ኦክስፎርድሺር ውስጥ፣ ስዊንብሩክ የምትባል መንደር አጠገብ ትልቅ ቤት አሠራና በ1926 ገቡበት።

ቤቱ ሰፊ ነው፣ ግን ይበርዳል። ስለዚህ ልጆቹ አንሶላና ፎጣ በሚቀመጥበት ጠባብ ክፍል ይሸሸጋሉ። የሙቅ ውሃ ቧንቧ ስለሚያልፍበት ከቤቱ ሁሉ የሚሞቀው እሱ ነው። እዚያ ተጨናንቀው ምስጢራቸውን ያወራሉ።

ወንድማቸው ቶም ኢተን የሚባለው ታዋቂ ትምህርት ቤት ገብቶ ተማረ። ሴቶቹን ግን በአብዛኛው ያስተማሯቸው ቤት ድረስ የሚመጡ መምህራን ናቸው። ጄሲካ ትምህርት ቤት ላኩኝ ብላ ብትለምን እምቢ አሏት። እኔን የሚያንገበግበኝ እዚህ ላይ ነው። እንደ ምላጭ የተሳለ አእምሮ ያላቸው ልጆች ገጠር ውስጥ ተዘግተው፣ እርስ በርስ ካልሆነ በቀር የሚሟገታቸው ሰው ሳያገኙ አደጉ። በኔ እምነት ከውጭ የመጣ የመጀመሪያው ትልቅ ሐሳብ ጠቅልሎ የወሰዳቸው ለዚህ ነው። ጄሲካ ገና ልጅ ሳለች ባንክ ውስጥ «የመጥፊያ ሒሳብ» ከፍታለች፤ ከቤት የምትጠፋበትን ገንዘብ ማጠራቀሚያ ማለት ነው።

ዩኒቲና ጄሲካ አንድ ሳሎን ይጋሩ ነበር። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ዩኒቲ ፋሺስት፣ ጄሲካ ኮሚኒስት ሆኑና ክፍሉን ከመሀል ለሁለት ከፈሉት። በአንዱ በኩል የፋሺስቶች ዓርማና ፎቶ፣ በሌላው የሌኒን ትንሽ ሐውልት። የመስኮቱን መስታወት በአልማዝ ቀለበት እየጫሩ አንዷ ስዋስቲካ ስትስል ሌላዋ መዶሻና ማጭድ ትስላለች። አንዳንዴ ወንበር ደርድረው ምሽግ ይሠሩና ሞግዚቷ መጥታ በቃችሁ እስክትላቸው መጽሐፍና የሙዚቃ ሸክላ ይወራወራሉ። ሲደክማቸው ደግሞ ራሳቸው በፈጠሩት፣ ሌላው በማይገባው ቋንቋ ያወራሉ። አይዋደዱም እንዳትሉ፣ ነፍስ ለነፍስ ይዋደዱ ነበር።

ከዚያ ጨዋታው ጨዋታ መሆኑ ቀረ። ዩኒቲ ሙኒክ ሄደች። ሂትለር የሚያዘወትርበት ምግብ ቤት እየተመላለሰች፣ እስኪያያት ድረስ ተቀምጣ እየጠበቀች፣ በ1935 ተዋወቀችው። ሌላዋ እህታቸው ዳያና በ1936 የእንግሊዝ ፋሺስቶችን መሪ ኦስዋልድ ሞስሊን አገባች፤ ጋብቻው የተፈጸመው በርሊን፣ የናዚ ፕሮፓጋንዳ ሚኒስትሩ ጎብልስ ቤት ሲሆን ሂትለርም ተገኝቷል። ይህ ሞስሊ ከሙሶሊኒ ገንዘብ ይቀበል የነበረ ሰው ነው። በ1935 ጣልያን እኛን ስትወር፣ እንግሊዝ በኛ ጉዳይ ጣልቃ እንዳትገባ ሲቀሰቅስ የነበረውም እሱ ነው። ይህን ካወቅሁ ወዲህ የነዚህን ልጆች ታሪክ እንደ ሩቅ አገር ወሬ ማንበብ አልቻልኩም።

ጄሲካ ደግሞ በ1937 ያጠራቀመችውን 50 ፓውንድ ይዛ፣ ገና በ19 ዓመቷ፣ የቸርችል ሚስት የእህት ልጅ ከሆነው ከኤስመንድ ሮሚሊ ጋር ወደ ስፔን ጠፋች። የእንግሊዝ የጦር መርከብ ሳይቀር ተላከባት። ያኔ ግን ወደ ወላጆቿ ቤት አልተመለሰችም። አባቷንም ዳግመኛ ዓይኑን አላየችም።

መስከረም 3 ቀን 1939 እንግሊዝ በጀርመን ላይ ጦርነት ስታውጅ ዩኒቲ ሙኒክ መናፈሻ ውስጥ ራሷን በሽጉጥ መታች። አልሞተችም። ጥይቱ ግን ከጭንቅላቷ አልወጣም፣ በ1948 እስክትሞት ያስታመመቻት እናቷ ናት። አባትየው ከጦርነቱ ጋር ጀርመንን ጠላ፣ እናትየው ግን ለሂትለር የነበራትን ድጋፍ አልተወችም። በዚሁ ተለያዩ። ቶም ጀርመኖችን መውጋት አልፈልግም ብሎ ወደ እስያ ዘመተና በ1945 በርማ ላይ ተገደለ። የጄሲካም ባል በ1941 አውሮፕላኑ ባሕር ላይ ጠፍቶ ቀረ።

ጄሲካ ዩኒቲን እስከ መጨረሻው ወደደቻት። ዳያናን ግን ይቅር አላለቻትም። ሁለቱ ከስንት ዓመት በኋላ በ1973 የተገናኙት ናንሲ ልትሞት ስትል፣ አልጋዋ አጠገብ ነው። ለምን አንዷን ወድዳ ሌላዋን ጠላች? ብዙ አሰብኩበት። አንድ ክፍል አብረው ስላደጉ ይመስለኛል።

ሌላም አለ። በ1940 ዳያና ስትታሰር ጡት ያልጣለ ሕፃን ነበራት፣ ገና 11 ሳምንቱ። ከሦስት ዓመት በላይ ታሰረች። ከመታሰሯ በፊት ባለሥልጣናት ናንሲን ጠይቀዋት ነበር፤ እህቴ አደገኛ ናት አለቻቸው። እኔ ብሆን እህቴን አሳልፌ ለመስጠት አፌ አይታዘዘኝም፣ ግን የናንሲ ቃል እውነት ነበር። ዳያና ይህን ያወቀችው ናንሲ ከሞተች ከዓመታት በኋላ ነው፤ በመጨረሻ ሕመሟ ጊዜ እየተመላለሰች ያስታመመቻትም ራሷ ዳያና ነበረች።