የታጠበች ባጃጅ

ባሕር ዳር የሄድኩት ለአክስቴ ልጅ ሰርግ ነው። ሰርጉ እሑድ፣ እኔ የገባሁት ሐሙስ። ካሜራ ያለው ዘመድ ሰርግ ላይ ቁጭ ብሎ እንደማይበላ አውቃለሁ። ስለዚህ ቀደም ብዬ ሁለት ቀን ለራሴ ሰረቅሁ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ከወር በፊት አዲስ አበባ ላይ የመኪና ውድድር አንስቼ ነበር። ስድስት መቶ ፎቶ ይዤ ተመለስኩ። በሙያው የቆየ ጓደኛዬ ላፕቶፔ ላይ አንድ በአንድ አያቸውና "መኪና አንስተሃል። ውድድር ግን አላነሳህም" አለኝ። ደሜ ፈላ። ማታ ብቻዬን ሳያቸው ግን ልክ ነው። መኪናው ሁሌም መሐል ላይ ነው፣ እንደ ጉርድ ፎቶ። ከጀርባው የመብራት ምሰሶ፣ የቢራ ማስታወቂያ፣ የሰው ማጅራት። አንዱ ላይ ምሰሶው ከሹፌሩ ሄልሜት አናት ላይ እንደ ቀንድ በቅሏል።

የመኪና ውድድር በየሳምንቱ አይገኝም። ባጃጅ ግን በየደቂቃው ያልፋል። የባሕር ዳር መንገድ ደግሞ ሜዳ ነው፤ የባጃጅ ሹፌሩም ቀጥ ያለ አስፋልት ካገኘ የሚምር አይደለም። ከዚህ የተሻለ መለማመጃ የት ይገኛል?

ዓርብ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሐይቁ ዳር ደረስኩ። ከቅዱስ ጊዮርጊስ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ዛፉ ሳሳ ብሎ ውሃው የሚታይበት ቦታ አለ። ከተማው ከጣና በስተደቡብ ስለሆነ፣ መንገዱን ተሻግሬ ወደ ሐይቁ ዞሬ ስቆም ፀሐይዋ ከቀኝ ትመጣለች። ወደ ምሥራቅ የሚሄዱት ባጃጆች ፊታቸው ወርቅ ይመስላል።

መጀመሪያ እንደ ልማዴ ሹተሩን፣ ብርሃን የሚያስገባውን የካሜራ መዝጊያ፣ 1/1000 ሰከንድ ላይ አደረግሁት። ሁሉም ጥርት ብሎ ወጣ። ሁሉም ደግሞ የቆመ ይመስላል። ጎማው ላይ ያለው ጭቃ እንኳ ይቆጠራል። ሂሳቡ ቀላል ነው። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የምትሄድ ባጃጅ በ1/1000 ሰከንድ ውስጥ አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው ፈቀቅ የምትለው። በ1/60 ግን 18 ሴንቲ ሜትር ትሄዳለች። በሰዓት 200 የሚበር የውድድር መኪና በ1/250 የሚሄደው 22 ሴንቲ ሜትር ነው። ለባጃጅ 1/60 ማለት ለውድድር መኪና 1/250 እንደማለት ሆነ ማለት ነው። ይህን ሳሰላ፣ ያን ሁሉ መኪና ለምን አቁሜ እንዳነሳሁት ገባኝ።

በ1/60 ለማንሳት ግን ካሜራው ከባጃጇ ጋር አብሮ መዞር አለበት። እዚህ ላይ እጅ ሳይሆን እግር ነው ሥራው። እኔ ስሳሳት የነበረው፣ ስትመጣ ወደ እሷ ዞሬ ቆሜ፣ ስታልፍ ወገቤ ይጠመዘዝና ይንቀጠቀጣል። መሆን ያለበት ግልባጩ ነው። እግር ፎቶው ወደሚነሳበት አቅጣጫ ይተከላል። ከወገብ በላይ ብቻ ወደምትመጣበት ይዞራል። ክርን ከጎን ይጣበቃል። ከዚያ አብሮ መፈታት ነው። ከተጫነ በኋላም ማቆም የለም፤ ካሜራው ባጃጇን ሸኝቶ ነው የሚመለሰው። ሌንሱ ደግሞ የሹፌሩን ዓይን ይከተል፤ ዓይኑ ከጠራ የቀረው ቢንሸዋረር ማንም አይከፋም። ከሃምሳው ፎቶ አራቱ ያህል ወጣልኝ። ለጀማሪ አይከፋም።

ቀርቤ ሳያቸው ግን ሁሉም ተመሳሳይ ናቸው። ባጃጅ፣ የተዘረጠጠ አረንጓዴ፣ ሌላ ባጃጅ፣ ሌላ አረንጓዴ። ያኔ ነው ባጃጇን ትቼ ቦታውን ማየት የጀመርኩት። ጣና ርዝመቱ 84 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ማዶው አይታይም። ውሃው እንደ ስቱዲዮ ወረቀት ንጹሕ ነው። ሦስት እርምጃ ወደ ግራ ስሄድ ምሰሶው ከፍሬሙ ወጣ። ጎንበስ ስል የዘምባባው ግንድ ከሹፌሩ ራስ ወረደ። ፍሬሙን ባዶውን ሠርቼ፣ ባጃጇ የምትገባበትን ቦታ ከግራ በኩል ትቼላት ጠበቅሁ። ከፊቷ የምትሮጥበት ቦታ ካላገኘች፣ ግድግዳ ልትገጭ ነው የምትመስለው። አንዷ ስታልፍ ከኋላዋ የደንገል ታንኳ ላይ የቆመ ሰውዬ በዘንጉ ሲቀዝፍ ገባልኝ። እሱ የሚንቀሳቀስም አይመስል። የእሷ ፍጥነት ያኔ ነው የታየው።

ይህ ሁሉ ሕግ ሲፈርስም ያምራል። ፈረንሳዊው ዣክ አንሪ ላርቲግ ከመቶ ዓመት በፊት ያነሳት የውድድር መኪና አለች፤ ቁጥር 6 የተጻፈባት። መኪናዋ ከፍሬሙ እየወጣች ነው፤ አፍንጫዋ ተቆርጧል። ጎማዋ እንደ እንቁላል ወደ ፊት ዘሟል፤ ተመልካቹና ምሰሶው ወደ ኋላ። የዚያን ጊዜው ሹተር የመስታወት ሰሌዳውን በቀጭን ክፍተት ቀስ እያለ ስለሚያበራው፣ መኪናዋ በመሐል ቦታ ለቃለች። ፎቶግራፈሩ በሰፊው የታወቀው በ1963 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ላይ ኤግዚቢሽን ሲቀርብለት፣ በ69 ዓመቱ ነው። ታዲያ እኔ ለስድስት መቶ ፎቶ ምን አስቸኮለኝ?

ቅዳሜ ዕለት፣ በግንቦት 2016 የተመረቀውን አዲሱን የዓባይ ድልድይ ቋምጬ ነበር። 380 ሜትር፣ ያ ሁሉ ገመድ ከጀርባ። ጠባቂው ካሜራዬን ሲያይ በእጁ መለሰኝ። አልተከራከርኩም። ዓሣ ለብለብ በላሁና አንዱን የባጃጅ ልጅ ለሁለት ሰዓት ኮንትራት ያዝሁት። ወደ አንድ አደባባይ ወሰደኝ።

አደባባዩ ጥግ ላይ ረጅሙን ሌንስ ሰክቼ፣ በ200 ሚሊ ሜትር ፊት ለፊት አየሁ። ረጅም ሌንስ ርቀቱን ያጥፈዋል። አምስት ሜትር የሚራራቁ ባጃጆች ጉንጭ ለጉንጭ ይሆናሉ። የእኔው ልጅ በመጀመሪያ ገባ፤ ከግራው አንዷ አፍንጫዋን ሰካች፤ ከኋላ ሦስተኛዋ ጥሩንባ እየነፋች። የእኔው ሹፌር ወደ ጎን በዓይኑ ሲገርፋት አነሳሁት። ጥርሱን ነክሷል። ጓደኛዬ ያለኝ ያኔ ገባኝ። አዲስ አበባ ላይ ያነሳሁት ሁሌም አንድ መኪና ብቻውን ነበር፤ ማን ማንን እንደሚቀድም አይታይም።

ልጁን ጠርቼ በካሜራው ስክሪን አሳየሁት። ዓይኑ ላይ ያለውን ንዴት አይቶ ሳቀ። ዓርብ ጠዋት ሐይቁ ዳር በ1/60 ያነሳኋትንም አሳየሁት፤ የእሱ ባጃጅ ነበረች ለካ። ከኋላዋ ሰማያዊ ዝርጥርጥ፣ ታንኳው፣ ብርሃኑ። እኔ የምኮራባት እሷ ናት።

ዝም ብሎ አያት። ከዚያ አንድ ወደ ኋላ፣ ሌላ ወደ ኋላ እያለ በ1/1000 ያነሳኋት ላይ ቆመ።

"ጋሼ፣ ይችን ላክልኝ።"

"ይቺ እኮ የቆመች ነው የምትመስለው" አልኩት።

"ሌሊት ነው ያጠብኳት። ያኛው ላይ የት አለ መታጠቧ?"